በሽቦ የታሰረ ስስ ግድግዳ የማኅበርን እህልና ውሃ ሊጠብቅ ይችላል
ጥንካሬው የሚመጣው ከሲሚንቶው ብዛት ሳይሆን ከአሠራሩ ነው

አርሶ አደሩ ክረምትና በጋ ደክሞ ያመረተው እህል ከአውድማ ከገባ በኋላ በነቀዝ፣ በአይጥና በሻጋታ ሲበላሽ፣ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውም ውሃ በከንቱ ፈሶ በበጋ ጀሪካን ተሸክሞ ሩቅ መሄድ ሲያስፈልግ፣ ጉዳቱ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ አባላት ሁሉ ነው። ይህን ጉዳት ለመቀነስ በብዙ አገሮች ተሞክረው ውጤት ካሳዩ የግንባታ ዘዴዎች አንዱ ፌሮሲሚንቶ የሚባለው ልዩ የኮንክሪት ዓይነት ነው።

ፌሮሲሚንቶ ውፍረቱ ከ2 እስከ 5 ሣንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በውስጡ ግን ቀጫጭን ሽቦ በብዛት የተዘረጋበት ግድግዳ ነው። በትክክል ከተሠራ ውሃ ይይዛል፣ አይጥ አያሳልፍም፣ ምስጥ አይበላውም። በትክክል ካልተሠራ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ይሰነጠቅና ከአባላት መዋጮ የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዞ ይቀራል። ገንዘብ አንድ ጊዜ በከንቱ ከወጣ ለሁለተኛው ሥራ አባላትን ለማሰባሰብ አዳጋች መሆኑን የገበሬ ማኅበር መሪዎች በሚገባ ያውቁታል። በመሆኑም ይህ ስስ ግድግዳ ጥንካሬውን ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ መረዳት ጠቃሚ ነው።

ፌሮሲሚንቶ ከተራው ኮንክሪት በምን ይለያል?

በከተማ ሕንፃ ላይ የሚታየው ኮንክሪት ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውሃ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በውስጡ እንደ ጣት የወፈሩ ፌሮዎች ይገቡበታል። በፌሮሲሚንቶ ግን ጠጠር የለም። ግንበኞች ቡኬት የሚሉት የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ውህድ ብቻ በሥራ ላይ ይውላል። ብረቱም ጥቂት ወፍራም ፌሮ ሳይሆን፣ ለዶሮ ማጠሪያ የሚሸጠውን የመሰለ ቀዳዳማ ሽቦ በሁለትና በሦስት ድርብ ተደርጎ ነው። ስሙም የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ ፌሮ ማለት ብረት መሆኑን በአገራችን የማያውቅ ግንበኛ የለም።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ላምቦ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1848 በደቡብ ፈረንሳይ ሽቦ አስሮ በላዩ ላይ ቡኬት በመለሰን ትንሽ ጀልባ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1855 ሥራውን በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበ። ከእነዚህ ጀልባዎች መካከል ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በሙዚየም የተቀመጠ ይገኛል።

ጥንካሬውን በምርመራ ያረጋገጠው ግን ኔርቪ የተባለው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ኔርቪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባደረገው ሙከራ ብረቱ በቀጫጭኑ ተከፋፍሎ በሁሉም ቦታ ሲዳረስ፣ ኮንክሪቱ ሳይሰነጠቅ ብዙ እንደሚለጠጥ ተገነዘበ። በዚሁ ዕውቀት ግድግዳዋ 3 ሣንቲ ሜትር ተኩል ብቻ የሆነ፣ 165 ቶን የምትመዝን መርከብ ሠርቷል። በቶሪኖ ከተማ የሚገኘው ሰፊ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ጣሪያም እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 በዚሁ ዘዴ በተዘጋጁ ስስ ክፍሎች ተሠርቷል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት ፌሮሲሚንቶ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ለጀልባ፣ ለእህል ማከማቻና ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚስማማ መሆኑን ገልጿል። ምክንያቱም ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሽቦ፣ ሲሚንቶ፣ ንጹሕ አሸዋ፣ ውሃና ጠንቃቃ የሰው እጅ ነው። በታይላንድ ከ40 እስከ 100 ኩንታል እህል የሚይዙ የፌሮሲሚንቶ ጎተራዎች ተሠርተው ተሞክረዋል። በባንኮክ አጠገብ በሚገኘው የእስያ የቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1976 የፌሮሲሚንቶ ምርምር ውጤቶችን ሰብስቦ የሚያሠራጭ ማዕከል ተቋቁሟል።

ሽቦው ለምን አስፈለገ?

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ደካማ ነው። በመጎተት በኩል ያለው ኃይል በመጫን በኩል ካለው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ለዚህም ነው መሠረት ላይ የተጫነ ኮንክሪት ብዙ ዘመን ሲኖር፣ ያለ ብረት የተሠራ ገንዳ የሚፈነዳው። በገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ግድግዳውም እንደ ተወጠረ መቀነት ይጎተታል። ይህን መጎተት የሚችለው ብረት ነው።

ወፍራም ፌሮ በ20 እና በ25 ሣንቲ ሜትር ርቀት ሲገባ በመካከሉ ያለው ኮንክሪት ረዳት ስለሌለው፣ ስንጥቁ ጥቂት ቢሆንም ሰፊ ይሆናል። ሰፊ ስንጥቅ ውሃ ያፈሳል፣ ብረቱንም ያዝጋል። ያው ብረት በቀጫጭኑ ተከፋፍሎ በየጣት ስፋቱ ሲዳረስ ግን እያንዳንዱ ሽቦ በአጠገቡ ያለውን ቡኬት ይዞ ስለሚያስቀር፣ ስንጥቅ ቢፈጠር እንኳ በዓይን የማይታይ የፀጉር መሥመር ሆኖ ይቀራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እዚህ ላይ በሥራ ይታያል።

ኃይሉን በቁጥር ማየት ይቻላል። ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱም 2 ሜትር የሆነ ክብ ገንዳ ከ6,200 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ገንዳው ሲሞላ ከላይ ያለው የ25 ሣንቲ ሜትር ክፍል የሚደርስበት መጎተት 31 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከሥር ያለው የ25 ሣንቲ ሜትር ክፍል ግን ከ4 ኩንታል ተኩል በላይ ይጎተታል። ልዩነቱ 15 እጥፍ ነው። ስለዚህ በሽቦው መረብ ላይ የሚጠመጠመው ወፈር ያለ ሽቦ ከሥር ጠበቅና ቀረብ፣ ከላይ ራቅ ራቅ ብሎ መሄድ ይኖርበታል። ሽቦውን ከላይ እስከ ታች እኩል አድርጎ የሚጠመጥም ግንበኛ ወይ ከላይ ያባክናል፣ ወይ ከታች ያሳንሳል።

ገንዳው ክብ እንዲሆን የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በክብ ግድግዳ ላይ የውሃው ግፊት በዙሪያው እኩል ይከፋፈላል። አራት ማዕዘን ገንዳ ግን በግፊቱ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም ማዕዘኑ ላይ ስለሚያርፍ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የእህል ጉድጓድና የሐረርጌ ልምድ

ከላይ የተጠቀሰው የ1973ቱ ጥናት በምሳሌነት ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ ከኢትዮጵያ የተገኘ ነው። ይኸውም ነባሩን የእህል ጉድጓድ በፌሮሲሚንቶ መለበጥ ነው። በሐረርጌ አርሶ አደሩ ማሽላና በቆሎ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ባለ ጉድጓድ ውስጥ የማኖር የቆየ ልምድ አለው። ጉድጓዱ እህሉን ከእሳትና ከሌባ ይሰውራል። አፉ ከተደፈነ በኋላም እህሉና ነቀዙ ሲተነፍሱ በውስጥ ያለው ኦክሲጅን እያለቀ ይሄዳል። ኦክሲጅኑ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ሲደርስ ነቀዙ ይሞታል። ይህ መድኃኒት ሳይገዛ ተባይን የሚያጠፋ ብልሃት ነው።

የጉድጓዱ ድክመት ግን እርጥበት ነው። የአፈሩ እርጥበት በግድግዳው እየሰረገ ገብቶ ዳር ዳሩን ያለውን እህል ያሻግታል። ገለባ መጎዝጎዝና በእበት መለቅለቅ ጉዳቱን ቢቀንስም አያስቀረውም። አየርም በተሰነጠቀው አፈር በኩል ስለሚገባ ነቀዙ ሁሉ አይሞትም። ጉድጓዱ በሽቦና በቡኬት ሲለበጥ ግን የአባቶች ብልሃት ሳይለወጥ እርጥበቱና አየሩ ይታገዳሉ። 3 ሜትር ኩብ የሚሆን ጉድጓድ ወደ 20 ኩንታል ማሽላ ይይዛል።

ሆኖም የጉድጓዱ ልባስ እርጥብ የገባን እህል አያደርቅም። በቆሎም ሆነ ማሽላ እርጥበቱ ከመቶ ከ13 እጅ በላይ ሆኖ ከታሸገ በውስጡ ይሻግታል። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ደቃቅ ጨው ጨምሮ ደህና አድርጎ መነቅነቅና ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና አልደረቀም፤ ወደ ፀሐይ መመለስ አለበት። ለዘር የሚሆነውን እህል ደግሞ በጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ለብቻ፣ በደረቅና ነፋሻ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

መሪዎች ለአባላት በጥብቅ ሊያስገነዝቡት የሚገባ አንድ አደጋ አለ። ነቀዙን የሚገድለው የኦክሲጅን ማነስ ሰውንም ይገድላል። የታሸገ ጉድጓድ እንደተከፈተ ማንም ሰው መግባት የለበትም። አፉን ከፍቶ ብዙ ሰዓት ማናፈስ ያስፈልጋል። ከዚያም ፋኖስ በገመድ ማውረድና የሚጠፋ ከሆነ መከልከል፣ ባይጠፋም የሚገባውን ሰው ወገቡን በገመድ አስሮ ሁለትና ሦስት ሰው ከላይ ሆኖ እንዲጠብቅ ማድረግ ተገቢ ነው። የወደቀውን ለማንሣት ዘሎ የሚገባ ሁለተኛ ሰው ራሱም ተጨማሪ ሟች ይሆናል።

የጣሪያ ውሃ

የውሃው ጥቅም በሒሳብ ሲታይ ቀላል አይደለም። በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቀበሌ፣ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ 40,000 ሊትር ውሃ ይወርድበታል። ከመቶ 20 እጁ በመርጨትና በመትነን ቢባክን እንኳ 32,000 ሊትር ይቀራል። የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ ወይም የማኅበር መጋዘን ጣሪያ ከዚህ የሰፋ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ገንዳ በእነዚህ ቤቶች አጠገብ የሚሠራው ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአማራና በትግራይ ክልሎች የጣሪያና የጎርፍ ውሃን ለማጠራቀም ገንዳዎችና ኩሬዎች በብዛት ተሠርተው ነበር። ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ በመሰንጠቅና በመስረግ ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። የሲሚንቶ ገንዳ የሚሰነጠቅባቸው ምክንያቶች ደግሞ የታወቁ ናቸው፤ መሠረቱ በሚያብጥና በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ መጣሉ፣ ብረቱ ማነሱ፣ ውሃው መብዛቱና ቡኬቱ ሳይጠጣ መድረቁ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሲሚንቶ በመጨመር የሚድን አንድም የለም።

ውሃ ሲበዛ ኃይል ይቀንሳል

አብራምስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በቺካጎ ከተማ በብዙ ሙከራ ካረጋገጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳሳተመው፣ የኮንክሪት ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚወሰነው ውሃው ከሲሚንቶው ጋር ባለው ልክ ነው። ሲሚንቶ ለመጠንከር የሚፈልገው ውሃ ጥቂት ነው። ትርፉ ውሃ በኋላ ሲተን በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ቀዳዳው ግድግዳውን ያደክማል፣ ውሃም ያሳልፋል።

ለፌሮሲሚንቶ 50 ኪሎ ግራም በሚመዝን 1 ከረጢት ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው ውሃ ከ20 እስከ 25 ሊትር ነው። ይኸውም በተለመደው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ ከ1 ጀሪካን እስከ 1 ጀሪካን ከሩብ መሆኑ ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውሃው ከዚህም ያንሳል። ግንበኛው ለመለሰን እንዲቀለው 5 ሊትር ብቻ ቢጨምር፣ ጥንካሬው ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይቀንሳል። ትክክለኛው ቡኬት በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲለቁት የማይፈስ ነው። ከተቦካ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየና መያዝ የጀመረ ቡኬት ላይ ውሃ ጨምሮ እንደገና ማቡካት ክልክል ነው።

አሸዋው 1 እጅ ሲሚንቶ ከ2 እስከ 3 እጅ ሆኖ በሳጥን እየተለካ ይገባል፤ በአካፋ ግምት አይሠራም። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን አያስይዝም። ለመፈተን በጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ በላዩም ውሃና ጥቂት ጨው ጨምሮ ነቅንቆ ለጥቂት ሰዓት ማሳረፍ ነው። ከላይ የሚዘቅጠው የጭቃ ድርብ ከአሸዋው ከፍታ ከመቶ 8 እጅ ከበለጠ፣ አሸዋው መታጠብ አለበት ወይም ሌላ መፈለግ ይኖርበታል።

«አጠጡት እንጂ አታድርቁት»

በገጠር ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ብዙ ሰው ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ስለሆነ፣ ቶሎ ከደረቀ ማደጉን ያቆማል። በ7 ቀን ውስጥ የሚያገኘው ኃይል በ28 ቀን ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ጨርሶ ሳይጠጣ በፀሐይና በነፋስ የደረቀ ግድግዳ ሊደርስበት ከሚችለው ጥንካሬ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ስስ ግድግዳ ደግሞ ከወፍራሙ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል።

ስለዚህ ግድግዳው በተለሰነ ማግስት ጀምሮ ቢያንስ ለ14 ቀን በእርጥብ ጆንያ ወይም በሣር ተሸፍኖ ጧት፣ ቀትርና ማታ ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል። በተለይም ፒ.ፒ.ሲ. የሚባለውና ከእሳተ ገሞራ የሚገኘው ፓሚስ የተፈጨበት ሲሚንቶ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ስለሆነ፣ የማጠጣቱ ቀን መቀነስ የለበትም። በዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ማኅበሩ ከአባላት መካከል የ14 ቀን ተረኞችን ስም ጽፎ ሊመድብ ይችላል።

መሪዎች በዓይናቸው ሊቆጣጠሩት የሚገባ

ሥራው በሰለጠነ ግንበኛ የሚሠራ ቢሆንም፣ የማኅበሩ መሪዎች ያለ መሐንዲስ እገዛ ሊመለከቷቸው የሚችሉ ነጥቦች አሉ፤

1ኛ፣ ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ ላይ፣ ከግድግዳም ርቆ መቀመጡን፤ የጠጠረና የተጓጎለ ከረጢት ከሥራ መወገዱን፤

2ኛ፣ መሠረቱ ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ጠንካራ መሬት ላይ መዋሉን፤

3ኛ፣ ሽቦው ያልዛገ፣ ተደራርቦ በሚገናኝበት ቦታ በሚገባ የታሰረና ከሥር የጠበቀ መሆኑን፤

4ኛ፣ ልስኑ ከመጀመሩ በፊት የሽቦው ሥራ በኮሚቴ መታየቱን፤ ከተለሰነ በኋላ ሽቦ ቢጎድልም አይታይምና፤

5ኛ፣ ውሃውና አሸዋው በልክ መግባታቸውን፤

6ኛ፣ ቡኬቱ በሽቦው ውስጥ ተጭኖ ባዶ ቦታ አለመቅረቱን፣ ሽቦውም በየትም በኩል አለመታየቱን፤ የታየ ሽቦ ይዝጋልና፤

7ኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ ገንዳው ከ14 ቀን በኋላ ቀስ በቀስ ተሞልቶ አለማፍሰሱ ከታየ በኋላ መሆኑን፤

8ኛ፣ ገንዳው አገልግሎት ከጀመረ በኋላም በበጋ ጨርሶ እንዳይደርቅ ጥቂት ውሃ መተዉን።

አንድ መታወቅ ያለበት ወሰን አለ። ፌሮሲሚንቶ ለሁሉ ሥራ አይሆንም። ለድልድይ፣ ለግድብ፣ ለፎቅ ወለልና ከፍ ላለ ወይም ከ2 ሜትር ለሚሰፋ ገንዳ ሒሳቡን የሚሠራ መሐንዲስ ያስፈልጋል። ጥልቅ ጉድጓድም ሲቆፈር የአፈሩ ግድግዳ እንዳይናድ ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው።

በመጠነኛው የእህል ጉድጓድና የውሃ ገንዳ ላይ ግን ምርምሩ የደረሰበት ውጤት ለአርሶ አደሩ የሚከብድ አይደለም። ሽቦውን ማዳረስ፣ ውሃውን መመጠን፣ ግድግዳውን ማጠጣት ነው። ሦስቱም በማኅበሩ እጅ ያሉ ናቸው። አንድ ማኅበር መጀመሪያ አንድ ገንዳ ብቻ በጥንቃቄ አሠርቶ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ቢፈትነው፣ ለቀሩት አባላት ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያ ገንዳ ያስረዳቸዋል።